ድንኳኑ ይተከል፤ እሳቱ ይጥፋ

የሴሚስተሩ ፈተና ሊያልቅ ሲል በመመገቢያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የምትለጠፈዋን ማስታወቂያ የማያውቅ የለም። «ወንጪ! ተራራ! ሐይቅ! ድንኳን! ሌሊቱን ሙሉ ካምፕ ፋየር!» ትላለች። አቅም ያለው ይከፍላል፤ የሌለው ይበደራል፤ መበደርም ያቃተው ቆሞ ያነባል። በማስታወቂያዋ ዙሪያም ሁልጊዜ ሁለት ወገን አይጠፋም። አንደኛው ወገን፣ «ይሄ የፈረንጅ ጨዋታ ነው። ያገሬ ሰው ቤት እያለው ሜዳ ላይ አያድርም» ብሎ ያፌዛል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «እሳት የሌለበት ካምፕ ምኑ ካምፕ ነው?» ብሎ ለእንጨት መግዣ ያዋጣል።

ይህ ጽሑፍ ከሁለቱም ጋር ይጣላል።

መጀመሪያ ከፌዘኛው ጋር እንነጋገር። ወንድሜ፣ የምትናገርበትን ቋንቋ እስቲ አንድ ጊዜ አዳምጠው። «ከተማ» የምትለው ቃል «ከተመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ንጉሡ ከነሠራዊቱ ያረፈበት፣ ድንኳን የተተከለበት ቦታ ማለት ነበር። «ሰፈር»ም እንዲሁ «ሰፈረ» ከማለት የመጣ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር እያልክ ታክሲ ስትጠብቅ የምትጠራው መኳንንቱና ባለሙያዎቹ በየወገናቸው የሰፈሩበትን የድሮ ካምፕ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ሲቆይ ያየውና ጽፎ ያቆየልን የዐፄ ልብነ ድንግል መንግሥት በድንጋይ ቤት የተቀመጠ መንግሥት አልነበረም። በድንኳን የሚኖር፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚነሣ መንግሥት ነበር። አዲስ አበባስ ብትሆን? ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ ሳለ መኳንንቱ ፍል ውሃ ሊታጠቡ ይወርዱ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠራላቸው፤ የወረደው ሰው በዚያው ቀረ። ዋና ከተማችን ማለት እንግዲህ ውሃ ዳር ተተክሎ ሳይነሣ የቀረ ካምፕ ማለት ነው።

ይህ የነገሥታት ወሬ ነው ካልክ ደግሞ ወደ ሕዝቡ እንምጣ። ጥር 10 ቀን ከተራ ነው። ታቦቱ ከመቅደሱ ወጥቶ ውሃ ዳር በተተከለ ድንኳን ያድራል፤ ሕዝበ ክርስቲያኑም ጋቢውን ተከናንቦ፣ ሽማግሌው በምርኩዙ ተደግፎ፣ ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ አብሮ ያድራል። በደጋው አገር በጥር ሌሊት፣ በውርጭ! ይህን ማን ፈረንጅ አስተማረን? የኦሮሞ ሕዝብስ በእሬቻ ወደ ሆራ አርሰዲ ሲወርድ፣ እርጥብ ሣር ይዞ ውሃ ዳር ሲያመሰግን፣ ከማን ቀድቶ ነው? ተራራና ውሃ ፈልጎ መውጣት፣ ከቤት ርቆ ማደር የኛው ነው። የተቀየረው ነገር ቢኖር የድንኳኑ ጨርቅ ነው፤ ያኔ ሸራ፣ ዛሬ ናይለን።

ስለዚህ ፌዘኛው ወገን ይቀመጥ። ከእርሱ ጋር ያለን ጠብ እዚህ ላይ አለቀ።

ነገር ግን ውርስ የሚወርስ ሰው ዕዳውንም አብሮ ይወርሳል። የድንኳኑ ታሪክ የኛ ከሆነ የማገዶው ታሪክም የኛ ነው። ሁለተኛው ወገን ይህን መስማት አይወድም። እኛ ግን እንናገራለን።

የነገሥታቱ ካምፕ ለምን ይነሣ ነበር? ለጦርነት ብቻ አይደለም። በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው አንድ ቦታ ሲሰፍር የአካባቢውን እህል ይጨርሳል፤ ከእህሉም ጋር እንጨቱን ይጨርሳል። ዛፉ ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀላል። ካምፑ ይሄዳል፤ ገበሬው ከተራቆተው ኮረብታ ጋር ይቀራል። ይህ ሲደጋገም ኖረ። በመጨረሻ የምኒልክ ካምፕ ከእንጦጦ ወርዶ አዲስ አበባ ላይ ሲቆም የእንጦጦ ጥድ አለቀ። ማገዶ ከሩቅ የሚመጣ ውድ ዕቃ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም እንደ አባቶቻቸው ሊነሡ አሰቡ፤ በ1893 ዓ.ም. ገደማ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት ተጀመረ። ከተማዋን ያቆማት በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ አደገ፤ ተቆረጠ፤ መልሶ አቆጠቆጠ፤ ስለዚህ ድንኳኑ ሳይነቀል ቀረ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ልብ በሉ! በአምቦ መንገድ ወደ ወንጪ የሚሄድ አውቶቡስ በዚችው በአዲስ ዓለም በኩል ነው የሚያልፈው። ተማሪው በስፒከር ዘፈን እየሰማ፣ ጣሪያው ላይ የታሰረ እንጨት ጭኖ፣ ማገዶ ያጣ ንጉሥ ሊሸሽባት ያሰባትን ከተማ አቋርጦ ያልፋል። በመስኮት የሚያያት ግን የለም። ከዚያው መንገድ በስተደቡብ ደግሞ የመናገሻ ሱባ ጫካ አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር ተተከለ ይባላል። እንግዲህ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ትምህርት ተጽፎልናል፤ የበላም ካምፕ አለ፣ የተከለም ካምፕ አለ። ጥያቄው እኛ የየትኛው ልጆች ነን ነው።

አሁን ወንጪ እንግባ። ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። የገደሉ ከንፈር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሐይቁ ከታች እንደ ገበቴ ውሃ ተኝቷል። በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። በሸለቆው ፍል ውሃ ይፈልቃል። በዳገቱ ላይ ገብስ፣ ድንችና እንሰት ይበቅላል። ፈረስ የሚያከራየው፣ ጀልባ የሚቀዝፈው፣ መንገድ የሚመራው የዚያው አገር ገበሬና የገበሬ ልጅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ወንጪን ሲመርጥ በምን ስም መረጣት? «ምርጥ የቱሪዝም መንደር» ብሎ ነው። መንደር! ባዶ ሐይቅ አላለም፤ ባዶ ሜዳ አላለም። የኛ ማስታወቂያ ግን ተራራውን ጠርታ፣ ሐይቁን ጠርታ፣ ሰውየውን ሳትጠራው ታልፋለች። ድንኳን የምንተክልበት ሜዳ የሰው ከብት የሚግጥበት ነው። የምናነደው እንጨት የሰው ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገሬ ሰው፤ እኛ ደግሞ አጥሩን ነቅንቀን ብቻ አልቀረንም፣ አንድደን ሞቅነው።

ሁለተኛው ወገን መልስ አያጣም። መልሶቹን በየተራ እንያቸው።

«እኛ እኮ ዛፍ አንቆርጥም፤ የወደቀ ደረቅ እንጨት ነው የምንለቅመው» ይላሉ። የወደቀውማ ባለቤት አለው! ደረቁን ጭራሮ የምትለቅመው የመንደሩ እናት ናት። ዛሬ ማታ አምስት ተማሪ ሞቆት ያደረበት ክምር የእርሷ የስንት ቀን እንጀራ መጋገሪያ ነው? እርሷ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ያለውን ለቅመን ስንጨርስባት እሑድ ወደ ላይ፣ ወደ ገደሉ ትወጣለች፤ ሰኞ ከዚያም ወዲያ። የእንጦጦ እናቶች እንጨት ተሸክመው ጀርባቸው ጎብጦ ሲወርዱ አይተን በግጥም ያለቀስን ሰዎች ነን እኮ! የዚችን መጽሔት የቆዩ ቁጥሮች ብትገልጡ በእንጨት ለቃሚ እናት ላይ ያልተገጠመበት ቁጥር አታገኙም። በግጥም የምናዝንላትን ሴት በካምፕ ፋየር መዝረፍ ምን ይባላል?

«እንጨቱን በገንዘባችን ነው የምንገዛው፤ ገበሬውም ይጠቀማል» ይላሉ ደግሞ። ጥሩ። ገበሬውን መጥቀም ከሆነ ዓላማው መንገዱ ብዙ ነው። ፈረሱን ተከራዩ፤ ፈረስ ዛሬ ተከራይቶ ነገም ይከራያል። ድንቹን ግዙ፣ ዳቦውን ግዙ፣ መሪውን ሳትከራከሩ ክፈሉት፣ ሜዳው ላይ ያደራችሁበትን ክፈሉ። ኮሶና አስታ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይሸጣሉ። በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ብርድ፣ ዛፍ እንደ ቆላ ዛፍ አይሮጥም፤ የልጅ ክንድ ያህል የሚወፍረው ስንት ክረምት ጠጥቶ ነው። ሃምሳ ብር ለመጨቃጨቅ ፈረስ ባለቤቱን ፀሐይ ላይ የሚያቆም ተማሪ ለእንጨት ሲሆን ቸር የሚሆነው ስለ ገበሬው አዝኖ ነው ብላችሁ እንዳታምኑ።

«አንድ ሌሊት፣ አንድ እሳት፣ ምን ይጎዳል?» ይላሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እናንተ አንድ ናችሁ፤ ከኋላችሁ ሌላ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የመሥሪያ ቤት ማኅበር አለ፣ የሰፈር ልጆች አሉ። ሁሉም «አንድ» ነው። እያንዳንዱም የራሱን ጥቁር ክብ ሣሩ ላይ አትሞ ይሄዳል። በደረቅ ወራት ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ነገሩ ከጥቁር ክብ ያልፋል። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደን የተነሣው እሳት ሳምንታት ነደደ። በ2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ለማጥፋት ከውጭ አገር ሳይቀር እርዳታ ተጠርቷል። ተማሪ ለኮሰው አላልኩም። የምለው፣ ተራራ ላይ የተነሣ እሳት በጀሪካን ውሃ አይመለስም ነው።

«እሳት ባህላችን ነው፤ ደመራስ?» የሚልም አይጠፋም። ደመራ በዓመት አንድ ቀን ነው! አገር ሙሉ በአንድ ችቦ ይሰበሰባል፤ በየድንኳኑ ደጃፍ ለየብቻ አይነድም። ባህልን ለስንፍና ሽፋን አታድርጉት።

የመጨረሻው ክርክር ብርድ ነው፤ ይህን አላፌዝበትም። ወንጪ ይበርዳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ውርጭ ነው። ግን የብርዱን ጠባይ ካወቅነው እሳት መድኃኒቱ አይደለም። እሳት ፊትን ይጠብሳል፣ ጀርባን ለብርድ ይሰጣል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ይከስምና ድንኳን ውስጥ የገባው ሰው እስኪነጋ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የሚከተለውን ልብ በሉ።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። በገበቴ ውስጥ ዝቅታው ደግሞ ሐይቁ ዳር ነው። ሐይቁ አፍንጫ ላይ ድንኳን መትከል የሚያምረው ለፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ሌሊቱን ብርዱም እርጥበቱም የሚተኛው እዚያው ነው። ጥቂት ወደ ዳገቱ ወጣ በሉ፤ ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ፤ ይህ ለእናንተም ይሞቃል፣ ሐይቁንም ከሳሙናችሁና ከሽንታችሁ ያድነዋል። ሰውን የሚያበርደው ከላይ ያለው አየር ብቻ አይደለም፣ ከታች ያለው መሬት ነው፤ ስለዚህ ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ከመደረብ አንዱን ከታች ማንጠፍ ይበልጣል። ካርቶን፣ ሰሌን፣ ስፖንጅ፣ የተገኘውን አንጥፉ። ቀን በላብ የራሰ ካልሲ ለብሳችሁ አትተኙ። ጋቢ የተሠራው ለዚህ ነው፤ እናትህ በሻንጣህ ስትከትልህ ያፈርክበት ጋቢ ከተከራየኸው ስሊፒንግ ባግ ይሻልህ ይሆናል። በሶ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ጭኮ ብሉ፤ ሆድ ውስጥ ያለ ገብስ እስከ ንጋት ይነዳል። ሻይ በቡታ ጋዝ ይፈላል፤ በፔርሙስ ይያዛል። ጨዋታውም ቢሆን እሳት አይፈልግም፤ አያቶቻችን ተረትና እንቆቅልሽ የነገሩን በኩራዝ ነው። ባትሪውን አጥፉና ሰማዩን እዩ። ከተማ ውስጥ መብራት የጋረደብንን ኮከብ ለማየት ሄዳችሁ ዓይናችሁን በእሳት አታሳውሩ።

ሌላም አለ። ፌስታላችሁን፣ የሃይላንድ ፕላስቲካችሁን፣ የሰርዲን ቆርቆሯችሁን መልሳችሁ ጫኑ፤ ሙሉውን ተሸክሞ የወጣ ሰው ባዶውን መሸከም አያቅተውም። መጸዳጃ ቤት ከሌለ ከውሃው ርቃችሁ አንድ ስንዝር ቆፍራችሁ ቅበሩ። በገበቴ ዳገት ላይ የተጣለ ሁሉ ዝናብ ሲመጣ መጨረሻው ሐይቁ ነው። ስፒከሩን ዝጉት፤ ማዶ ገዳም አለ፣ አጠገባችሁ ሌሊት ለእርሻው የሚነሣ ገበሬ አለ። በቋንቋው ሰላም ማለትንም እወቁ፤ «አካም ጅርቱ» ለማለት ዲግሪ አያስፈልግም። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ብረት ይሆናል ይባላል፤ እኛ ግን ገና በመጣንበት ማታ ብረት ሆነን ተገኘን።

አንባቢ ሆይ፣ «ለአንድ ምሽት እሳት ይህ ሁሉ ቁጣ ምንድነው?» ትል ይሆናል። ቁጣው ስለ እሳቱ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ «ገበታ ለሀገር» ሲታወጅ ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዱ ወንጪ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሎጁ ተመርቋል። ሎጅ መሠራቱን አልቃወምም፤ ለአካባቢው ሰው ሥራ ካመጣ እሰየው። ነገር ግን ሎጅ ለባለ ገንዘብ ነው፤ የአንድ ሌሊት ዋጋው የተማሪ ኪስ የሚችለው አይደለም። የተማሪ ሎጅ ድንኳን ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ በአውቶቡስ ሄደን፣ ለሜዳው ጥቂት ከፍለን፣ የዚችን አገር ተራራና ሐይቅ ባለቤት ነኝ ብለን የምናድርባት አንዲት መብታችን ድንኳኗ ናት። ያቺን መብት ማን ይነጥቀናል? ማንም መንጠቅ አያስፈልገውም! እኛው ራሳችን ማስረጃውን እያዘጋጀን ነው። የተቃጠለውን ክብ የሚያይ፣ የተቆረጠውን አስታ የሚያይ፣ ሣሩ ላይ የተበተነውን ፕላስቲክ የሚያይ ሰው አንድ ቀን፣ «ተማሪዎች ያበላሻሉ፤ ይታጠር» ቢል ምን ብለን እንከራከረዋለን? ያን ቀን አጥሩን የሠራው መንግሥት ነው፣ ባለሀብት ነው ብለን እንጮህ ይሆናል። ካስማውን የተከልነው ግን እኛ ነን።

የድሮው ካምፕ የበላውን በልቶ መሄጃ ነበረው፤ ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ኮረብታ። እኛ መሄጃ የለንም። ሌላ ወንጪ አይወጣም፤ የሚቀረን ደንዲ ነው፣ ከዚያ በኋላስ? ስለዚህ ለሁለተኛው ወገን፣ በተለይም የሚቀጥለውን ማስታወቂያ ለምትጽፉት፣ የምንጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው። «ሌሊቱን ሙሉ ካምፕ ፋየር» የሚለውን መስመር ሰርዙት። በምትኩ «ጋቢ ይዛችሁ ኑ» ብላችሁ ጻፉ። የእንጨቱን መዋጮ ለፈረስ ባለቤቱ ስጡት። ከቻላችሁም ክረምት ሲገባ፣ ካደራችሁበት ሜዳ በላይ፣ ባለቤቱን ጠይቃችሁ ኮሶና ጥድ ትከሉ፤ ዘርዐ ያዕቆብ በሠራዊት አስተክለውታል የሚባለውን አርባ ተማሪ በአንድ ቀን ሊጀምረው ይችላል።

ድንኳኑ ይተከል። እሳቱ ይጥፋ።